ባሌስትራ ቀይር ላሉኝ የመንገድ ጥገና ኃላፊ

ለተከበሩ የአካባቢያችን መንገድ ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ከሰዓት በኋላ ማንም የማያቋርጠው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ መስታወት ቆራጩ ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ በአሥራ አንደኛው ምልልሴ ቢሮዎ ገብቼ አራት ደቂቃ ሙሉ የሰጡኝ፣ ከአራቱም ሁለቱን ስልክ ያወሩበት ሰውዬ ነኝ። ውለታዎን በሆዴ ይዤ ከምቀበር በአደባባይ ባመሰግንዎ ይሻላል ብዬ ይህን ጽፌያለሁ፤ ምስጋናዬም ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የክፍሏን ግድግዳ በሥዕል ላስጊጥ ብላ ከመሰላል ወድቃ ወገቧ ተሰበረ፤ ሐኪሞቹም አጥንቷን በብረትና በብሎን አያይዘው "ሦስት ወር እንዳትናጥ" ብለው አስረከቡኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ፊዚዮቴራፒ መሄድ ነበረባት። የሕክምናው ክፍል የሚገኘው በእኛው መንገድ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ በእኛና በእሱ መካከል ደግሞ ሠራተኞችዎ ቱቦ እንቀብራለን ብለው ቆፍረው፣ ቱቦውን ረስተው የሄዱት ቦይ አለ። ያን ጊዜ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር። ያለችን መኪና በየቀኑ መስታወት የምጭንባት አሮጌ ፒካፕ ብቻ ናት።

ይህን ሁሉ ነግሬዎ ሳበቃ፣ "መንገዱ ምንም አልሆነም፤ ችግሩ የመኪናህ ሰስፔንሽን ነው፤ አሻሽለው" አሉኝ፤ ባሌስትራዋን፣ ማለትም መኪናዋን ከጎማዋ በላይ የተሸከሙትን ተደራራቢ ብረቶች መሆኑ ነው። እኔ መንገዱ የተበላሸው በመቆፈሩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ያበላሸው የእኔ ባሌስትራ ኖሯል። ማወቅ ደግ ነው።

፪. ስለ ጥቆማዎም አመሰግናለሁ። ወረቀት ቀድደው የአንድ መለዋወጫ መደብር ስም ጻፉልኝና "እዚያ ያሠራህበትን ማረጋገጫ ካላያያዝክ አቤቱታህ አይታይም" አሉኝ። ባለ መደብሩ የባለቤትዎ ወንድም መሆኑን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ደብቆኝ ቢሆን ኖሮ የቤተሰብዎን ቅንነት እጠራጠር ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔም የራሴ ሰው ነበረኝ። በቀን ከአሥር ቃል በላይ ስለማይወጣው "ጸጥታ" የምንለው መካኒክ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ከዚያም የዓመት ቃሉን ባንድ ጊዜ ጨረሰው፦ "ለመስታወቱ ጠንካራ ባሌስትራ ትፈልጋለህ። ለሚስትህ ለስላሳ ትፈልጋለህ። ሁለቱን ባንድ መኪና ማንም አይሰጥህም። ከፍታዋን አትንካ። ከተደራረቡት ብረቶች አንዱን እናውጣላትና ጥሩ አሞርዛተር እንግጠምላት፤ አንተ ደግሞ ጭነትህን በግማሽ ቀንስ።" አሞርዛተር ማለት፣ ቢሮዎ ስለማይነጥር ላያውቁት ይችላሉ፣ መኪና ጉድጓድ ሲመታ ንጥረቱን የሚውጠው ዕቃ ነው።

የባለቤትዎ ወንድም ግን ምን እንደምጭን አልጠየቀኝም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ የአሸዋ ክምር የምትዘል ፒካፕ ፎቶ አሳየኝና "ይቺን ከገጠምክ አንተ ጉድጓድ አትፈራም፤ ጉድጓድ ነው አንተን የሚፈራ" አለኝ። እኔም ጸጥታን አሳፍሬ፣ ማረጋገጫዋን ሽቼ፣ ድንጋይ ለሚያመላልስ መኪና የተሠራውን ወፍራም ባሌስትራ ከነከፍ ማድረጊያው አስገጠምኩ። ይህች ጥፋት የእኔ ናት፤ ከእርስዎ ጋር አልካፈላትም።

፫. ስለ ከፍታው። ፒካፔ ከስንዝር በላይ ከፍ አለች። አማቴ ልጇን ደግፋ ብትል ብትሠራ አልወጣ ስትላት "መኪና አሠራ አሉህ እንጂ ፎቅ ሥራ አሉህ?" ብላኝ ከወጥ ቤት በርጩማ አመጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወገቧ በብሎን የተያዘ ሴት በበርጩማ ስናሳፍርና ስናወርድ ጎረቤቱ ሁሉ በየመስኮቱ ያየን ነበር። መስታወቱን የገጠምኩላቸው እኔ ስለሆንኩ ጥርት አድርገው እንደሚያዩ አውቃለሁ።

ለጭነት የተሠራ ብረት ደግሞ ጭነት ካላገኘ አይተጣጠፍም፤ ባለቤቴ ከሕመሟ በኋላ ከአንድ ጆንያ ሲሚንቶ አትከብድም። ስለዚህ የመንገዱ ጠጠር አንድ በአንድ እየተቆጠረ አከርካሪዋ ውስጥ ይገባ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት "ቀስ በል" ትለኝ ነበር። በሁለተኛው "ኧረ በእናትህ" አለችኝ። በሦስተኛው የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ወደ ውጭ ብቻ ታያለች። በሃያ ዓመት ትዳራችን እኔ እየነዳሁ እሷ ሳታርመኝ የቀረችው ያን ሳምንት ብቻ ነው።

፬. ስለ ማክሰኞ። ሌሊቱን ዘንቦ ቦዩ ሞልቶ አደረ። ውኃው ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል፤ በእርስዎ ዘመን መንገዳችን ደልዳላ ሆኖ የታየው ያን ጠዋት ነው። የኋላ ጎማዬ ገባ። ባሌስትራው በተባለለት መሠረት ጸና፤ አልተጣጠፈም፣ አልተሰነጠቀም፣ ምንም አልሆነም። የተነቃነቀው የባለቤቴ ብሎን ነው።

"እግሬን አጣሁት" አለችኝ። እኔ ጫማዋ የወለቀ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ እፈልግላት ጀመር።

ሆስፒታል ገብታ ወገቧ ድጋሚ በቀዶ ሕክምና ተከፈተ። ግራ እግሯ አልተመለሰም። ሐኪሙን ስጠይቀው "ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፤ እየተመላለሳችሁ ጠይቁ" አለኝ፤ ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት የሠለጠነ መሆን አለበት።

፭. ስለ መልስዎ ፍጥነት ከሁሉም በላይ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። እንዲህ ይላል፦ "አመልካቹ ተሽከርካሪያቸውን በማሻሻል ችግሩን በራሳቸው የፈቱ መሆኑ ባያያዙት ማረጋገጫ ስለተረጋገጠ ጉዳዩ ተዘግቷል።" ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው፣ ፊርማዎም ያምራል። አማቴ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት፤ አስደገመችኝ።

"ተዘጋ ያለው ጉድጓዱን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

አይደለም አልኳት።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገርዎ። ጸጥታ ያን ብረት ፈትቶ ጣለልኝና መጀመሪያ ያለውን ሠራልኝ፤ "ብዬህ ነበር" ለማለት ሙሉ መብት ነበረው፤ ግን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቁልፌን መለሰልኝ፤ ያ ከስድብ የባሰ አቃጠለኝ። አሁን መስታወቱን በግማሽ እየጫንኩ ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ፒካፔ ለስለስ ብላለች፣ ባለቤቴም ያለ በርጩማ ትወጣለች፤ እግሯን ግን በእጇ አንሥታ ነው የምታስገባው። ወደ ክፍሏ በምርኩዝ ተመልሳ ተቀምጣ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ምን ሆነሽ ነው ብለው ሲጠይቋት "ወደቅኩ" ትላቸዋለች። ስለ እርስዎ ልትነግራቸው ትችል ነበር፤ ገና ልጆች ስለሆኑ ግን በሌሊት እንዲባንኑ አልፈለገችም።

ቦዩን ድፈኑልኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ ከአቅምዎ በላይ የሆነ ነገር መጠየቅ ነውር ነው። ልመናዬ አንዲት ናት፤ ፋይሌን ከመደርደሪያው ያውርዱና "ችግሩን በራሳቸው የፈቱ" የሚለውን ይሰርዙልኝ። እኔ ምንም አልፈታሁም። ሚስቴን በገዛ እጄ ነድቼ ከጉድጓድዎ ከተትኳት፤ ይህ በመንግሥት ማኅተም እንደ ስኬት ተመዝግቦ መኖሩ ከሁሉም በላይ እንቅልፍ ነሥቶኛል። አንድ መስመር ነው። እስክሪብቶ ከሌለዎ አመጣለሁ።

ከተቀመጡበት ማንም ሳይነቀንቅዎ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ያዳለጠዎ ዕለትም ደግፎ የሚያነሣዎ ሰው ልክ እንደ እርስዎ ያለ ደግ ሰው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ እኔ መጎንበስ ስለምችል፣ እጅ እነሣለሁ።

ጉዳዩ የተዘጋለት መስታወት ቆራጭ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ የቢሮዎ ሾፌር የተሰነጠቀ የፊት መስታወት ሊያስቀይር ወደ ሱቄ መጥቶ ነበር። አንድ ጊዜ በቦያችን ሲያልፉ ወገብዎን እንዳመመዎና ከዚያ ወዲህ "በሌላ መንገድ አዙር" እያሉ በሩቁ እንደሚመላለሱ አጫወተኝ። እግዚአብሔር ይማርዎ። የባለቤቴን ፊዚዮቴራፒስት ስልክ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፤ እጇ እጅግ ፈዋሽ ነው። ወደ እርሷ የሚያደርሰው መንገድ ግን የእኛው ብቻ ነው።