ፊደሏ የወደቀባት ሻይ ቤት

ስንዱዬ፣ ዓለሜ፤

ከተለየሽኝ ዓመት አለፈ። ተዝካርሽን ከክረምቱ በፊት አወጣን፤ ዘመዱም ጎረቤቱም አላሳፈረንም። ልጃችን ማስተዋል ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሁለተኛ ዓመቷን ጀምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም እየመጣች ትጠይቀኛለች። ውሻችን ነብሮ አርጅቷል። ያም ሆኖ የመኪናው ሞተር ሲነሳ ከሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቀድሞ ጋቢና ይገባል፤ ያንቺን ወንበር ማንም እንዲቀመጥበት አይፈቅድም።

ዛሬ ልነግርሽ የፈለግሁት ስለ እማማ ዘርትሁን ነው። እህል ጭነን ወደ ቡሬ ስንወጣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቁርስ የምንበላባትን ሰማያዊ ሻይ ቤት ታስታውሻለሽ። ግድግዳዋ ላይ «ሰላም ሻይ ቤት» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ዝናቡ «ሰ»ን አጥቦ ወሰደና «ላም ሻይ ቤት» ሆና ቀረች። ሾፌሩ ሁሉ «እማማ፣ ላሚቱ ዛሬ ታልባለች ወይ?» እያለ በወተት ያዝዝ ጀመር። እሳቸውም «ከነጥጃዋ አለች፣ ግቡ!» ይሉ ነበር። ይህን የሰማሽ ዕለት ነው እየሳቅሽ ደጃቸው ላይ አቁመሽ ፎቶ ያነሳሻቸው።

ዘንድሮ መንገዱ ይሰፋል ተብሎ ግድግዳዋ ላይ ቀይ ምልክት ተደረገበት። ስደርስ እማማ ዘርትሁን ሽንዲ ከተማ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ዕቃ ይሸክፋሉ። አላለቀሱም። ሻይ ቀድተው አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ቤቱስ ይፍረስ፤ መንገድ የሁሉ ነው። ልጆቼን ያሳደግሁበትን በር ግን ዓይኔ እንዳይረሳው ፈራሁ። ያች ደግ ሚስትህ ያነሳችኝ ፎቶ አለ ወይ?» አሉኝ።

«አለ፣ አመጣልዎታለሁ» አልሁ። አፌ አለ እንጂ ልቤ አልደፈረም። ካሜራሽን ካንቺ ወዲህ አልነካሁትም፤ የሳጥኑን ክዳን ከፈት እያደረግሁ እዘጋው ነበር። የግሬደሩ ድምፅ ደግሞ በየቀኑ እየቀረበ ነው።

ቅዳሜ ማስተዋል ስትመጣ ነገርኋት። የካሜራውን ባትሪ አውጥታ ቻርጅ ላይ ሰካችው። «አባዬ፣ እኔም ብቻዬን ማየቱን ፈርቼ ነው። አብረን እንየው» አለችኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ! መሪውን ተደግፌ፣ አፌን ከፍቼ ተኝቻለሁ፤ ነብሮ ደግሞ የኔን ባርኔጣ አድርጎ እንደ ዳኛ ተኮፍሷል። ማስተዋል በሳቅ ፈነዳች። እኔም ሳቅሁ። በቤታችን እንዲህ ያለ ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር፣ ስንዱዬ። ከሳቁ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን፤ ግን የሚያንገበግብ አልነበረም፤ ቀለል አለን። ከዚያማ ማን ያቁመን። የኑግ ማሳ በአበባው ጊዜ፣ ሥራ የፈታው የነዳጅ ማደያ በሣር ተውጦ፣ ማስተዋል ጥርሷ ወልቆ፣ ከዚያም እማማ ዘርትሁን ከበራቸው ላይ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።

ቡሬ ወስጄ በትልቁ አሳተምሁት። የፎቶ ቤቷ ልጅ፣ «የጎደለችውን ፊደል በኮምፒውተር ልመልሳት?» ብትለኝ፣ «ተይ፣ ላሟን አታባሪብን» አልኋት።

ፎቶውን ስሰጣቸው እማማ ዘርትሁን ደጋግመው ሳሙት። «በሩ ይኸው፤ ደረጃው ይኸው፤ እኔም ይኸው» እያሉ በጣታቸው ዳሰሱት። ሻይ ቤቷ በሳምንቱ ፈረሰች። አሁን ሽንዲ ልጃቸው ከደጇ አንድ ክፍል ሰጥታቸው እዚያ ሻይ ያፈላሉ፤ ፎቶውን ከበላያቸው ሰቅለውታል። ባለፈው ስሄድ መልካቸው ተመልሷል፤ ሰውነታቸውም ሞላ ብሏል።

ከዚያ ወዲህ እኔና ማስተዋል ሌላ ሥራ ይዘናል። በየመንገዱ አንስተሽ «አሳጥቤ አመጣለሁ» ያልሻቸውን ሰዎች እየፈለግን ፎቷቸውን እናደርሳለን። እኔም ማንሳት ጀምሬያለሁ። ማስተዋል «አባዬ፣ የሰውን አናት ምን አድርገህ ነው የምትቆርጠው?» እያለች ታስቸግረኛለች እንጂ፣ መልክዓ ምድሩስ እየተዋጣልኝ ነው።

ትናንት አንድ አርሶ አደር ቤት ሄድን። ከበሬዎቹ ጋር አንስተሽው ነበር፤ አንደኛው በሬ አሁን የለም። ሰውየው ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ ቆየ። «ይኸን ማን ነው ያነሳልኝ?» አለ።

«ባለቤቴ ናት፤ ስንዱ ትባላለች» አልሁት።

ማስተዋል ቀና ብላ አየችኝ፤ «ነበረች» ብላ አላረመችኝም። እኔም አላረምሁም። ገና ያልደረስንባቸው ብዙ ደጆች አሉ፣ ዓለሜ። በየደጁ ቆሜ እንዲሁ እላለሁ፦ ስንዱ ትባላለች።

ያንቺው
አስማረ