ዋሻው ውስጥ የቆመው ባቡር

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 9

ለማይናገረው ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጨጓራህስ? ቀዝቃዛ ወተት በባዶ ሆድ መጠጣቱን እንዳልተውክ አውቃለሁ፤ እዚያ ወንድምህ ቤት ደግሞ የሚቆጣህ የለም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት። ጎረቤቱም ደህና ነው። ይኸው ደህና ያልሆነ ነገር ስፈልግ ወረቀቱ ሊያልቅ ነው፤ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ጉዳዬ የመጫወቻ ባቡርህ ነው።

ልጃችን በመጣች ቁጥር «እማዬ፣ የአባዬን የባቡር ክፍል ለምን አታከራዪውም? ቢያንስ ቤት ውስጥ ሰው ይኖርሻል» ትለኛለች። ሰው ይኖርሻል ማለቷ አናደደኝ፤ ሰው የሌለኝ መሰልኳት? ማታ ሳስበው ለካ የለኝም። አንተን በስልክ «ባቡሩን ልሽጠው ወይ?» ብዬ ስጠይቅህስ ምን አልክ? «እንደፈለግሽ አድርጊው።» በቃ። ጉሮሮህን ጠረግህና ዘጋኸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ያንተው ግን ለሚስትም አይከፈት።

እልህ ያዘኝና እንደፈለግሁ ላደርገው ወሰንኩ። ገዢም አገኘሁ። ማዞሪያው ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም፣ ያ ረጅሙ፣ መንጋጋ ጥርሴን የነቀለልኝ፣ ለካ እሱም ያንተው በሽታ አለበት! ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሳሎኑ ውስጥ ሐዲድ ሲዘረጉና ሲያፈርሱ ይውላሉ አሉ። «ሽማግሌዎች ናችሁ ወይስ ሕፃናት?» ብዬ ብጠይቀው «እንደ ቀኑ ነው» አለኝ። ወደድኩት።

ከመምጣቱ በፊት አቧራውን ልጠርግ ክፍልህ ገባሁ። ከሄድክ ወዲህ ገብቼ አላውቅም ልልህ ነበር፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ እገባለሁ። ስፌቱ ሲሰለቸኝ ወንበርህ ላይ ቁጭ ብዬ ባቡሩን አስነሳዋለሁ። ከሬዲዮ እሱ ይሻለኛል፤ መልስ ባይሰጠኝም ዞሮ ይመጣል። ከጣቢያው ይነሳል፣ ድልድዩን ያልፋል፣ መጋረጃዬን ቆርጠህ አረንጓዴ ያለበስከውን ተራራ ይዞራል (አዎ፣ አልረሳሁትም፤ አዲስ መጋረጃ ነበር)፣ ከዚያ ዋሻው ውስጥ ይገባና ቀጥ! እንደ ድሮው። እኔም ተነስቼ፣ በቁም ሳጥኑና በጠረጴዛው መሐል በጎኔ ሾልኬ፣ ጣቴን በዋሻው ቀዳዳ ከትቼ እገፋዋለሁ። ግን ለብቻ አይሆንም። ስገፋው እንዲነሳ ፍጥነቱን ከፍ አድርጌ ስለምሄድ፣ ተመልሼ መቆጣጠሪያው ጋ ደርሼ ሳላበርደው፣ ኩርባው ላይ እየበረረ ይገለበጣል። ሁለት ሰው የሚፈልግ ነገር ነው የሠራኸው፤ አንዱ መቆጣጠሪያው ጋ፣ አንዱ ዋሻው ጋ።

ስንት ዘመን ገፋሁልህ! ሱሪ እያሳጠርኩ፣ ቁልፍ እየተከልኩ፣ ድምፅህ ይመጣል፦ «እስቲ አንዴ ነይ፤ ቆመብኝ።» እኔ ደግሞ መርፌዬን ወርውሬ እየተነጫነጭኩ እመጣለሁ። «ዕድሜ ልኩን የአሥር ፎቅ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው አንድ የመጫወቻ ባቡር ያቅተው?» ስልህ «ሊፍት ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ ይሄ ይዞራል» ትለኛለህ። እኔ ሞኟ አምኜህ! ስገፋልህ «እጅሽ መድኃኒት ነው» ትልና በዚያው የማንን ቀሚስ እንደያዝኩ ትጠይቀኛለህ፣ ከፔርሙዝህ ሻይ ትቀዳልኛለህ፣ ሥራዬን አስረስተኸኝ ይመሻል።

ሐኪሙ ትናንት መጣ። ባቡሩን ለማየት ያህል አስነሳው። ዋሻው ውስጥ ገብቶ ቆመ። እኔም ሳላስበው ተነስቼ፣ ሾልኬ፣ ገፍቼ ተመለስኩ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

«ብልሽት ነው። ባለቤቴ ሞክሮ ሞክሮ አቃተው።»

ጫማውን አውልቆ ጠረጴዛው ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ይታየኛል፤ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ትንሽ ቆየና ሳቁን ሰማሁ።

«እትዬ፣ ይሄማ ብልሽት አይደለም» አለኝ ከዚያው ከሥር። «ሐዲዱ ዋሻው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍበት ሆን ተብሎ በመጋዝ ተቆርጧል። ለዚያች ለተቆረጠችው ቦታ ብቻ ማብሪያና ማጥፊያ ተሠርቶላታል፤ ይቺውና፣ ወንበሩ ጋ የተቀመጠ ሰው እጁን ቢሰድ የሚያገኛት። ባለቤትዎ ሲያሰኛቸው ያቆሙታል፣ ሲያሰኛቸው ያሳልፉታል። ንጹሕ ሥራ ነው!»

ቀጭ አደረጋት። ዞሮ እንደገና ዋሻው ውስጥ ቆሞ የነበረው ባቡር ከዚያ ወጥቶ፣ ማንም ሳይገፋው ጣቢያው ገባ።

ወንበርህ ላይ ዘፍ አልኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ይህን ሁሉ ዘመን አሞኝተኸኛላ! ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ባዕድ ሰው ፊት አለቀስኩ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ የጫማውን ክር ሲፈታና ሲያስር ቆየልኝ።

አይ አንተ! «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ቃል ካንተ አፍ በጉጠት እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሚስቱን ለመጥራት መጋዝ ያነሳል?

እኔስ ብሆን ምን ተሽዬ። ወንድምህን ልታስታምም ስትሄድ ሻንጣህን አዘጋጅቼ ሸኘሁህ። እሱም ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ። «የቤቱ ውርስ ጉዳይ አላለቀም» ትለኛለህ፤ እኔም «ይሁን» እላለሁ። እኔ ና አላልኩ፣ አንተ ልምጣ አላልክ። የሁለታችንም ኩራት ራታችን ሆኖ፣ እኔ እዚህ ምድጃው ጋ ቆሜ እጎርሳለሁ፣ አንተ እዚያ ቀዝቃዛ ወተትህን ትጠጣለህ። አሁን ደግሞ ያ «እንደፈለግሽ አድርጊው» ያልከው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት ግድ የለህም፣ ወይስ እሱም እንደ ሐዲዱ ነው? ተነስቼ እንድገፋህ ፈልገህ ከሆነስ ጣቴን የት ልክተት?

ለሐኪሙ አልሸጥኩለትም። «ባለቤቱን ሳልጠይቅ አይሆንም» አልኩት።

«ጠይቄው እንደፈለግሽ ብሎኛል ብለውኝ አልነበር?»

«እሱ የሚለውንማ ተወው፤ እኔ ነኝ የማውቀው» አልኩት። ካልሲውን ግን አስወልቄ ሰፋሁለት። ቅዳሜ ሐዲድ ሲዘረጉ መጥቼ እንዳይ ጋብዞኛል። አልሄድም መሰለኝ። ባዶ እጄን ተቀምጬ የሰው ባቡር ሲዞር ባይ ሆድ ይብሰኛል።

ሞት ይርሳኝ፣ ዋናውን ሳልነግርህ! ሐኪሙ እንደወጣ ያቺን ማጥፊያ በዳበሳ ፈልጌ ወደ ነበረችበት መለስኳት። ከዚያ ባቡሩን አስነሳሁት፤ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ቆመ። እስካሁን እዚያው ነው። ልጃችንም ብትመጣ እንዳትነካው ነግሬያታለሁ። እኔም አልገፋውም፣ ጉልበቴን አሞኛል ብዬሃለሁ። ይህን የምጽፍልህ ወንበርህ ላይ ሆኜ ነው፤ መቆጣጠሪያውም እኔ ጋ ነው።

ጤና ይስጥህ፤ መንገድህን ያቅናልህ።

እስቲ አንዴ ና፤ ቆመብኝ።

ሚስትህ