መህሬን ሲጠይቁኝ ያልኩት

ጥር 14

ሰርቪሱ ዛሬም ዘገየ። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ስንደርስ የክሊኒኩ ሰልፍ ዛፉ ጥላ ድረስ ደርሷል። በጥር እንዲህ ከሞቀ መጋቢት ላይ ምን ልንሆን ነው?

መድኃኒት እያደልን ኛጋች ጠየቀችኝ። ከታካሚዎቹ ጋር በኑዌርኛ የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት።

«አንቺ ስታገቢ ስንት ላም ነው?»

ላም የለም አልኳት። መህር ነው። ሙሽራዋ ራሷ የምትጠይቀው፣ የራሷ ብቻ የሚሆን ስጦታ።

«ምን ጠየቅሽ?»

ክፍል። የእጮኛዬ የፈይሰል ቤተሰብ ቤት ወደ መንገድ የሚከፈት ባዶ ክፍል አለው። የራሴን መድኃኒት ቤት እከፍትበታለሁ። ለፈይሰል ነግሬው ደስ አለው። አባዬም ሰምቶ «ጎበዝ» አለኝ። አባዬ «ጎበዝ» የሚለው በዓመት አንዴ ነው።

ጥር 18

ዛሬ ኒካህ ታሰረልን። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበርኩ። አጎቴ ጀማል ሁለት ምስክሮች ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ዩስራ፣ ፈይሰልን ለማግባት ፈቅደሻል?»

«ፈቅጃለሁ።»

«መህርሽስ?»

«ወደ መንገድ የሚከፈተው ክፍል።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አክስቶቼ ሳቁ። አጎቴ ወረቀት ሰጠኝ፤ ግማሹ ባዶ ነው። «ፈርሚ፣ ቀሪውን እዚያ ወንዶቹ ጋ እንሞላዋለን።» ፈረምኩ… አጎቴ አይደል?

ቆይቶ እማዬ የጆሮ ወርቅ አደረገችልኝ። «ከእነሱ ነው» አለች። ክፍሉም ወርቁም? ለጋስ ቤተሰብ ገጠመኝ ብዬ አሰብኩ።

ጥር 27

ክፍሉ አሁንም ተቆልፏል። ፈይሰል «ቁልፉ አባቴ ጋ ነው» አለ። ስጠይቀው ሦስተኛዬ ነው።

የካቲት 4

ከሥራ ስመለስ ደጃችን ላይ አይሱዙ ቆሟል። ክፍሉ ተከፍቷል። ሁለት ወዛደሮች የስፖንጅ ፍራሽ እያወረዱ ያስገባሉ። ውስጡ እስከ ጣሪያው ፍራሽ ነው። ላስቲኩ ላይ በቀይ ማርከር የተጻፈውን ጽሕፈት አወቅኩት። አባዬ ፍራሽ ይሸጣል፤ ቁጥር ሲጽፍ ሰባትን እንደዚያ አጉብጦ ነው።

እያወቅኩ ጠየቅኩ። «የማን ዕቃ ነው?»

«የአባትሽ ነዋ» አለ አንደኛው። «መጋዘን አደረጉት እኮ።»

ፈይሰል እስኪመጣ ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ገብቶ የኒካሁን ወረቀት ከሳጥን አወጣ። መህር፦ አንድ ጥንድ የጆሮ ወርቅ። ከሥሩ የእኔ ፊርማ።

«ታውቅ ነበር?»

«አባቶቻችን ናቸው የተስማሙት። አባትሽ የዕቃ ማስቀመጫ ቸግሯቸው…»

«ታውቅ ነበር ወይ?»

«ሐሙስ ዕለት ሰማሁ። ከኒካሁ በፊት።»

ዓርብ ደውሎልኝ ነበር። ስለ መድኃኒት መደርደሪያው ነበር ያወራነው። ስፋቱ ስንት ይሁን ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው…

የካቲት 5

እማዬ ጋ ሄድኩ። «አባትሽ ክፍል መጠየቅ ነውር ነው አለ። የሰው ቤት የምንቀራመት ያስመስለናል አለ።»

ለፍራሽ ሲሆንስ ነውር አይደለም? አልኳት። «ወርቁ ያምርብሻል እኮ» አለችኝ። ጆሮዬ ላይ ስታደርገው ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አባዬ ሱቅ ሄድኩ። ከደንበኛ ጋር እያወራ ቀና ብሎ አየኝና «የአንቺና የእኔ ምን ልዩነት አለው?» አለ። ደንበኛው ፈገግ አለ። የአባትና የልጅ ፍቅር መስሎት።

የካቲት 9

የመስጊዱ ሼህ ጋ ከሰስኩ። አባዬን፣ አጎቴን፣ ፈይሰልን አስጠሩልኝ። ሁለቱ ምስክሮች የአባዬ ወዳጆች ናቸው፤ አልመጡም።

«መህር የሷ ሐቅ ነው፤ ያለ ፈቃዷ ማንም አይቀይረውም» አሉ ሼሁ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ። «ስትጠይቃት ምን አለች?»

አጎቴ ምንጣፉን አየ። «ጫጫታ ነበር። በደንብ አልሰማሁም።»

ፈይሰልን ጠየቁት። «እኔ በሩ ጋ አልነበርኩም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልነበረም። እንዲህም አድርጎ እውነት ይነገራል?

ወርቁን ከጆሮዬ አውልቄ ሼሁ ፊት አስቀመጥኩት። «ይሄን አልጠየቅኩም። መህሬን አልተቀበልኩም።»

አባዬ ተነስቶ ጫማውን አደረገና ወጣ። ዞሮ አላየኝም።

የካቲት 10

ኩሌ። የሠራተኛ መኖሪያ፣ ኛጋች ክፍል ውስጥ አንድ ትርፍ አልጋ ነበር፤ ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳት።

«የእኛ ከብት ሰው እያየ ነው የሚነዳው» አለች። «ቀዩ ስንት፣ ነጩ ስንት፣ ሁሉም ያውቃል። መደበቅ የለም።» አልጋውን እያነጠፈችልኝ፣ «ግን ለእኔ በተሰጡት ላሞች ወንድሜ ነው ሚስት ያገባው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

ጭራሽ አለመጠየቅ ይሻላል፣ ወይስ ተጠይቆ አልሰማንም መባል? አላውቅም።

መጋቢት 3

ፈይሰል መጣ። ሊመሽ ትንሽ ሲቀር፣ ቴምር ይዞ። ፆምና ሙቀት አክስቶታል።

«ለሼሁ ተናገርኩ» አለ። «ክፍሉን እንደጠየቅሽ፣ እንደማውቅ።»

«ማን ነበር?»

«ሼሁ ብቻ።»

«አባቴስ?»

«አልነበሩም።»

«እሱ ባለበት ነው የካድከኝ፣ ፈይሰል። እሱ ባለበት ድገመው፤ የዚያን ቀን ቤቴ እገባለሁ።»

«አባትሽ ፊት… ይከብደኛል።»

«ለእኔ የቀለለኝ ይመስልሃል?»

 አዛን ሲል ውሃውን ቀድሜ ለእሱ ሰጠሁት፤ ለእንግዳ እንደሚሰጠው። ጠጣ። የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ተነሳ።

መጋቢት 9

ፈይሰል እስካሁን አባዬ ፊት አልተናገረም። እማዬ ደውላ «ለዒድ ትመጫለሽ?» አለች። የሥራ ተራ አለኝ አልኳት። ተራ የለኝም።

ዛሬ ለመኖሪያው ፎርም ሙሉ ተባልን። አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው፦ ስም፣ ስልክ። ሥራ ከገባሁ ጀምሮ እዚያ ቦታ ላይ የአባዬን ስም ነው የምጽፈው። ያገባች ደግሞ የባሏን ትጽፋለች። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ኛጋች አጠገቤ የራሷን እየሞላች ነበር።

«ስልክሽ ስንት ነው?» አልኳት።

ነገረችኝ። ጻፍኩት።