ቀጭኑ አጥንት በየት በኩል ነው?

ለተከበሩ የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ጋምቤላ

ይህ ደብዳቤ ሙሉ ጤንነት፣ የማይጠፋ መብራትና የሚሽከረከር ቬንትሌተር ይዘው እንዲያገኝዎት ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎ፣ በመጪው ማክሰኞ የሚሰጠኝን የአናቶሚ ድጋሚ ፈተና ካላለፍኩ ወደ አቦቦ፣ ወደ አባቴ የበቆሎ ማሳ እንደምመለስ በመረዳት፣ የሚከተሉትን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. የቤተ ሙከራችን ብቸኛ አፅም አምና ከአሮጌው ክፍል ሲዛወር ተፈትቶ እንደገና ሲታሰር፣ የቀኝና የግራ ቅልጥሞቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። በመሆኑም በውጭ በኩል ሊገኝ የሚገባው ቀጭኑ አጥንት፣ ፊቡላ፣ በውስጥ በኩል ቆሟል። ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው በዝውውሩ ስለጠፋ፣ አውራ ጣቱን አይቶ የሚጠራጠር አልተገኘም። እኔም ሥዕል ሊሳሳት ይችላል፣ አጥንት ግን አይዋሽም በሚል ጽኑ እምነት መጽሐፉን ትቼ አፅሙን ስድስት ሳምንት በማስመሪያ ለካሁ፣ በሦስት ቀለም ሣልኩ፣ ዘጠኝ የክፍል ጓደኞቼንም አስጠናሁ። በመጀመሪያው ፈተና ዘጠኙም እንደ እኔው በሙሉ ልብ ተሳሳቱ፤ ከዚህ አጥንት ጋር የተያያዙት ሰባት መልሶቼም ተከትለው ወደቁ።

ደብተር ገዝቶ የማያውቀው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ፑዎት ግን ሁሉንም አገኘ፤ በኒውላንድ ሰፈር ኳስ ሲጫወት እግሩን ከውጭ በኩል ተመትቶ ይኸው አጥንት ተሰንጥቆበት ነበርና። ምስጢሩን ብጠይቀው «ወንድሜ፣ አንተ እግር የለህም እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው ሳይንሳዊ በመሆኑ ሱሪዬን ሰብስቤ መረመርኩ። አሉኝ፤ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከአፅምዎ ጋር አይስማሙም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ቆሜባቸው ስኖር አንድም ቀን እንደ ማጣቀሻ አልቆጠርኳቸውም።

አፅሙ እንዲስተካከል ባመለክት፣ «አንድ ሙሉ አፅም፣ በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ» ተብሎ በንብረትነት ስለተመዘገበ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ እንደማይፈታ በጽሑፍ ተገልጾልኛል። ያለ ኮሚቴ የታሰረው ያለ ኮሚቴ እንዳይፈታ ስለተደረገው ጥንቃቄ አመሰግናለሁ።

2ኛ. በሂስቶሎጂ፣ ለአርባ ስምንት ተማሪዎች በቀረበችው አንዲት ማይክሮስኮፕ የደረሰኝን አርባ ሰከንድ ተጠቅሜ፣ በጡንቻ ሕብረ ሕዋስ ላይ ጥቋቁርና ቆልመም ያሉ ክሮች አግኝቼ በዝርዝር ሣልኩ። ቆይቼ እንደተረዳሁት የሣልኩት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ከአሥር ስምንት ስለሰጡኝ ውለታዎ አይረሳኝም፤ ሁለቱ ነጥብ ለምን እንደተቀነሰ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

3ኛ. ፊዚዮሎጂን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። መብራት በጠፋበት የመጋቢት ከሰዓት፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ስለ ላብ የተሰጠን የተግባር ትምህርት አንድም መሣሪያ አልጎደለውም።

የማክሰኞው ፈተና በዚያው አፅም ላይ ቀይ ክር ታስሮ እንደሚሰጥ ከማስታወቂያ ሰሌዳ አንብቤያለሁ። ቅልጥሙ የቀኝ ነው ወይስ የግራ ብባል፣ ለአፅሙ ብታመን እወድቃለሁ፣ ለእግሬ ብታመን የመንግሥት ንብረት ላይ ጥርጣሬ አነሣለሁ። እናቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደግሞ ለአቦቦ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ዶክተር ሆኗል ብላ ጨርሳለች። ስለዚህ ኮሚቴው እስከ ማክሰኞ የማይሰበሰብ ከሆነ፣ ክሩ በእኔው እግር ላይ እንዲታሰር በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ አልተመዘገበምና ፊርማ አያስፈልገውም።

አጥንትዎ ሁሉ በተፈጠረበት ቦታ ጸንቶ ይኑርልዎ።

አክባሪዎ
መልአኩ ከፈለ

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል
ለአፅሙ

ማስታወሻ፦ ብወድቅ አይዘኑ። ብመረቅ ግን የምመደበው በአቦቦ ጤና ጣቢያ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያው አቅራቢያ ወዳለው አልዌሮ ግድብ ለሽርሽር ሲሄዱ ድንገት እግርዎ ቢሰበር ቀጭኑን አጥንት በየት በኩል እንድፈልግልዎ ከወዲሁ በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ።