ለጌታ የሰጠኋት ዳማ

እሑድ፣ ግንቦት 10

ዛሬ የገዛ ላሜን ወተት በገንዘብ ገዛሁ።

ዳማን ለቤተ ክርስቲያን ስሰጥ የመጀመሪያ ጥጃዋን ያረገዘች ጊደር ነበረች። በረታችን ውስጥ የቀረችንም እሷ ብቻ ነበረች። ፓስተሩ «ስጡ ይሰጣችኋል» ብሎ ሲሰብክ፣ ወገቡን ታሞ የተኛው ባሌ ይነሳልኛል ብዬ በእምነት ጎትቼ ወሰድኳት። ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ለጨረታ ቀረበች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጠሩ ሰው ሁሉ ዝም አለ። እዚህ ሱሉልታ በሽማግሌ ላይ ዋጋ የሚጨምር ማን አለ? በፍየል ዋጋ ነድተዋት ሄዱ። ጉባኤው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ባሌ እስካሁን አልተነሳም። ዛሬ ወተት አማረኝ ሲለኝ ጆግ ይዤ ኦቦ ገመቹ ደጅ ሄድኩ።

«አየሽ ልጄ፣ የጌታ ነገር በረከት አለው! ይቺ ላም ስትታለብ አይጣል ነው» አሉኝ፣ ገንዘቡን እየተቀበሉ።

«አሜን፣ ይባርክዎት» አልኳቸው። ምላሴ ይቆረጥ!

ስወጣ በአጥሩ ቀዳዳ «ዳማ» ብዬ ቀስ ብዬ ጠራኋት። ድርቆሹን ትታ ዞር አለች። እምቧ ብላ እስከ አጥሩ መጣች። የጠራኋት አንዴ ብቻ ነው።

ጌታ ሆይ፣ እሷን የሰጠሁት ለአንተ ብዬ ነው። አንተንስ ስንቴ ጠራሁህ?