በካርቶን ውስጥ የተሸሸጉት የኔታ

ለውድ እኅቴ ለሥርጉት ገብረሰንበት
ጂንካ

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ ቂርቆስስ ወገቡ ተሻለው? ልጅሽ ውዳሴስ አደገች? የዚያ አገር ሙቀት ከጾሙ ጋር ተደርቦ እንዳይጎዳችሁ እንሰጋለን። እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ በሥጋ ደኅና ነን። በሥጋ ያልኩት ሌላው ደኅና ስላልሆነ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ እንባ ቀደመኝ።

መቋሚያ መጥረቤን ትቼ እዚህ ቡሬ ከሀይሉ አሻንጉሊት መሥሪያ መግባቴን ታውቂያለሽ። አሻንጉሊቱ የሕፃን አይምሰልሽ፤ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያሉ ትልልቅ ሰዎች ስብስቡን ለማሟላት የሚሻሙበት ነው። ሀይሉ አንዱም ሳይቀረጽ ወረቀት ዘርግቶ ዙሩን ያወጣል፤ በመጀመሪያው ዙር ስድስት ዓይነት አሻንጉሊት፣ በሁለተኛው ስድስት። ሰው የሚወደውን ሁሉ ባንዴ አይለቅም። ገላውን በአንድ ፎርማ ያወጣና ራሱንና ልብሱን ይለዋውጣል። በካርቶኑ ካሉት ሃያ አራት ሣጥኖች በአንዱ ብቻ ደግሞ «ብርቁ» የሚለውን፣ በጥቂቱ የሚሠራውን አሻንጉሊት ይሸሽጋል፤ ገዝቶ ሳይከፍት ማንም አያውቅም።

የዘንድሮው ስብስብ «የቅኔ ቤት» ይባላል። ደበሎ ለባሹን ተማሪ ሠራሁ፣ አኮፋዳ ያነገተውን ሠራሁ። አድናቂዎቹ በቴሌግራም ድምፅ ሰጥተው የኔታ ይጨመሩ አሉ፤ ሀይሉም ብርቁ እርሳቸው ይሁኑ አለ። እግዜር ያውቃል፣ አስቤ አላደረግኩትም። ግን እጄ የሚያውቀው የኔታ አንድ ብቻ ነው። ጨርሼ ሳየው የግራ ዓይን ቆባቸው ወረድ፣ አንገታቸው ዘመም ብሏል፤ ቁጭ አባታችን! እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ።

የድሮ ተማሪያቸው ዲያቆን ይርሳው ባሕር ዳር አንዱን አግኝቶ፣ ደስ የሚላቸው መስሎት፣ ሽንዲ ድረስ ወሰደላቸው። አባታችን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩና ሳልሞት ሐውልቴን አቆመልኝ አሉ አሉ። በማግሥቱ እየበረርኩ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ምስል እንደማታኖር የየኔታ ልጅ አጥቼው ነው? ላጽናናቸው ብዬ መጫወቻ ነው አልኳቸው። ታዲያ ልጆች ይጫወቱበታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሞኙ፣ የለም፣ እጅ እንዳይነካው በመስታወት ውስጥ አቁመው ያዩታል አልኩ። አፌን በቆረጠው! ልጅ ቢጫወትበት እንኳ ሰብሮ ይጥለው ነበር አሉ። ቀጥለው ስንት ነኝ ብለው ጠየቁኝ። ዋጋቸውን ይሁን ብዛታቸውን ሳልለይ ወደ ቡሬ ተመለስኩ።

የሀይሉ እግር ላይ ወደቅሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፎርማውን ዓይኔ እያየ በመዶሻ ሰበረልኝ። ግን ከእንግዲህ አይሠራም ሲባል ጊዜ ፈላጊው ባሰ። ያገኘ ፎቶውን ይለጥፋል፣ ያጣ ይለምናል። አባቴ ናቸውና መልሱልኝ ብዬ ብጽፍላቸው ጭራሽ አጥብቀው ያዙት፤ ግርጌው ላይ ፈርምልን ያሉኝም አሉ። ምን ባደርግ ይሻላል እታለም? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስ።

አባታችን ከወንበራቸው ወርደዋል። ምስል የቆመለት ሰው ጉባኤ አይዘረጋም ብለው ተማሪዎቹን ወደ ሌላ መምህር ሸኝተው በራቸውን ዘግተዋል። አርባ ዓመት ያስተማሩበት ወንበር በእኔ እጅ ባዶ ቀረ። የነፍስ አባታቸው ቢመክሯቸውም አልሰሙም። አንቺ የበኩር ልጃቸው ነሽ፤ ምናልባት ቃልሽን ይሰሙ እንደሆን እባክሽ ጻፊላቸው። ምን ብለሽ እንደምትጽፊ ግን እኔም አላውቀው።

ቂርቆስን በጣም ሰላም በይልኝ። ውዳሴን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ካሰች እጅግ ናፍቃሻለች። እማዬም በበሩ ስንጥቅ ሰላም በልልኝ ብላኛለች። የአባታችንን ሰላምታም ልጨምርልሽ ብዬ ባለፈው እሑድ ደጃፋቸው ቆሜ፣ ለሥርጉት ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልዎ አልኳቸው። ከውስጥ ማን ነህ አሉኝ። ድምፄን ያውቁታል።

ወንድምሽ ይታገሱ ገብረሰንበት
ቡሬ
መጋቢት ፲፰ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.