ስም የማይመዘግቡት ሐኪም

ዛሬ የምንሸኛቸው ሐኪምና መምህርት ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው መጋቢት 11 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ለቤቱም የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ጣውላ ሳያንኳኩ የማይገዙ ሰው ነበሩ። እህታችንም የሰውን ቃል ሳያንኳኩ አይቀበሉም ነበርና እናታቸው «እስቲ ልየው» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ እስከ ሆስፒታል ድረስ ተከትሏቸዋል።

የሰፈራቸውን ትምህርት ቤት ጨርሰው በ1967 ዓ.ም. ሕክምና መማር ጀመሩ፤ በ1974 ተመረቁ። በ1977 የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ለመሆን ወደ ሥልጠና ገቡ። በሁለተኛው ዓመት ተረኝነቱ ተደራርቦ እንቅልፍ ነሳቸው። ጭንቃቸውን ለክፍል ኃላፊያቸው በምስጢር ቢነግሯቸው፣ ኃላፊው «አይዞሽ ልጄ፣ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አሏቸው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ግን በግምገማ ቅጻቸው ላይ «ጽናት ይጎድላታል» ተብሎ ተጽፎ አገኙት። ያመኑት ፈረስ ጣላቸው በደንደስ። ከዚያ ወዲህ «አይዞሽ» የሚላቸው ሰው ሲገጥማቸው አስቀድመው የሚያዩት እጁን ነበር፤ እስክሪብቶ ይዞ እንደሆነ።

በ1979 ዓ.ም. የፊዚክስ መምህር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው ሁለት ሴቶች ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1996 ዓ.ም. በሚያስተምሩበት ሆስፒታል አንድ ሠልጣኝ ሐኪም በጠዋት የሕሙማን ጉብኝት መካከል ነጭ ጋውኑን አውልቆ፣ የአልጋ ብረት ላይ ሰቅሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። ይኼኔ አስተዳደሩ «የሠልጣኝ ሐኪሞች ድጋፍ» የሚባል ሥራ ከፍቶ ለእርሳቸው ሰጠ። እርሳቸው ግን ደስ ከመሰኘት ይልቅ ጠረጠሩ። «ሃያ ዓመት ያልታያቸው የልጆቹ ድካም ዛሬ በምን ታያቸው?» አሉ። የጥርጣሬያቸው መልስ በማግስቱ በፖስታ መጣ፤ ስም፣ የሥልጠና ዓመትና «የችግሩ ዓይነት» የሚሞላበት፣ ግልባጩ ለዳይሬክተሩ የሚላክ ቅጽ ነበር። ቅጹን እንዳለ መለሱት።

የተሰጣቸው ክፍል ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለ የአንሶላ መጋዘን ነበር። ሁለት ወንበር አስገብተው በየሳምንቱ ረቡዕ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። አራት ወር ሙሉ ዝንብ እንኳ አልገባም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሠልጣኞቹ በኮሪደር «እሳቸው ጋ የተናገርከው ሳይውል ሳያድር ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው» ይባባሉ ነበር። እቤትም ባለቤታቸው ግራ ገባቸው።

«ዛሬስ ማን መጣ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ሁለት ሰዓት ምን ስትሠሪ ቆየሽ?»

«ስጠብቅ።»

እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ወንድሞቻቸውም የረቡዕ ነገር አልተዋጠልንም ነበር።

በአምስተኛው ወር አንድ የቀዶ ሕክምና ሠልጣኝ መጣ። ሌላ ሆስፒታል ሥራ አግኝቶ በድብቅ ሊኮበልል መሆኑን ነገራቸው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተጠና ነበር። ሰምተው ለማንም አልተናገሩም። በሦስተኛው ሳምንት ጺሙን ሳይላጭ ተመለሰ።

«ዶክተር፣ ያን ቀን የነገርኩዎት ውሸት ነው። አሳልፈው ይሰጡኝ እንደሆነ ልሞክርዎት ነበር።»

«እኔ ደግሞ ዳይሬክተሩ የላከህ መስሎኝ ነበር» አሉት።

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ልጁ አለቀሰ፤ ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ዋርድ ከመግባቱ በፊት እንደሚያስመልሰውና መኖር እንዳስጠላው ተናገረ። በዚያው ሰዓት በራሳቸው መኪና ወደሚያምኗቸው የአእምሮ ሐኪም ወሰዱት፤ ከዚያም ተመልሰው ምክንያቱን ሳይናገሩ የተረኝነት መርሐ ግብሩን አስለወጡለት። ይህን ልናነብ የቻልነው እርሱ ራሱ፣ ዛሬ አንጋፋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆኖ፣ ስለፈቀደልን ነው።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም አንድ በአንድ መጡ። በ1999 ዓ.ም. ዳይሬክተሩ ለሪፖርት የስም ዝርዝር ጠየቋቸው። በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ «ሠላሳ አንድ» ብለው ጽፈው ሰጧቸው። «ያለ ስም በምን አምናለሁ?» ሲባሉ፣ «እነሱም ያለ ስም ነው ያመኑኝ» ብለው ወጡ። የክፍሉ ቁልፍ ተነጠቀ። እርሳቸውም ከማጠቢያው ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ረቡዕን ቀጠሉ። ሠልጣኞቹም ሰው ሁሉ እያያቸው ተሰልፈው አጠገባቸው መቀመጥ ሲጀምሩ፣ አስተዳደሩ ድካማቸውን መሸሸግ ስላልቻለ በዓመቱ ቁልፉ ተመለሰ፤ ከሃያ አራት ሰዓት ያለፈ ተረኝነትም ቀረ።

በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2015 የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው ምርመራውን ሦስት ጊዜ አስደገሙ፤ በሦስተኛው አመኑ። በሕመማቸው ወራት የማናውቃቸው ሐኪሞች ቤቱን ሞሉት። ከየት እንደሚያውቋቸው ስንጠይቅ ሁሉም «ከሥራ» ብቻ ይሉናል። አንድ ቀን የቀድሞው ዳይሬክተር፣ ጸጉራቸው ሸብቶ፣ ብቻቸውን መጡ። በሩን አዘግተው አንድ ሰዓት ቆዩ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ምን እንደተባለ እህታችንን ብንወተውታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ ቁጥራቸውን እንጂ ስማቸውን የማናውቃቸውን ብዙዎችንም ትተው ሄደዋል። ማስታወሻ ደብተር ቢኖር ብለን መሳቢያቸውን ሁሉ ፈተሽን፤ አንድም ቃል አላገኘንም።

የሁሉን ልብ የሚያውቀው አምላክ የሰሙትን ያልበተኑትን የእህታችንን ነፍስ በሰላም ይቀበል፤ በዚህ ሕዝብ መካከል ዝም ብላችሁ ለምታለቅሱትም መጽናናትን ይስጥ።